«ሰነዘረ»፦ በመሣሪያ ውጊያ የቪዲዮ ጨዋታ ላይ የሚሰነዘሩ አስተያየቶችና ቃሎቻቸው

ስለ ቪዲዮ ጨዋታ በቃላት ጥናት መድረክ ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንደ ቀልድ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቃልን መፈለግ የሚገባው ቃሉ በሚነገርበት ቦታ ነው። «መከተ»፣ «ሰነዘረ»፣ «መዘዘ» የመሳሰሉት ግሦች በጥሬ ፍቺያቸው፣ ማለትም ስለ ሰይፍና ስለ ጋሻ፣ ዛሬ በየዕለቱ የሚነገሩት በጦር ሜዳ አይደለም። በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በቴሌቪዥን ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው በተቀመጡ ልጆች አፍ ነው። የእኛ የካርድ ሣጥኖች እነዚህን ፍቺዎች «የጥንት» ብለው ሊያሰናብቷቸው በተዘጋጁበት ሰዓት ልጆቹ እንደ አዲስ እየሠሩባቸው ነው። ይህ ጽሑፍ ተጫዋቾቹ ስለ ጨዋታው ምን እንደሚከራከሩና በምን ቃል እንደሚከራከሩ ለማሳየት የቀረበ ነው፤ ለዚህ ዐይነቱ ጨዋታ ሙያዊ ቃላት ይዘጋጁ ከተባለም ከዚያው ክርክር ይለቀሙ የሚል አሳብ አለው።

በቅድሚያ ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ማስረዳት ያስፈልጋል። ሁለት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንድ ተዋጊ ይመርጣሉ። ተዋጊዎቹ በአንድ መድረክ ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ከበላያቸው የየአንዳንዳቸውን ጉልበት የሚያሳይ መስመር አለ፤ ምት ባረፈባቸው ቁጥር መስመሩ ያጥራል፤ መስመሩ ያለቀበት ይሸነፋል። ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1994 ያወጣው «ቴከን» (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በባዶ እጅና በእግር የሚካሄድ ነው። ይኸው ኩባንያ በ1990ዎቹ አጋማሽ «ሶል ኤጅ» ብሎ ጀምሮ በ1998 «ሶልካሊበር» በሚል ስም ያስከተለው ግን እያንዳንዱን ተዋጊ መሣሪያ ያስይዘዋል። አንዱ የጃፓን ጎራዴ፣ አንዷ አጭር ሰይፍና ጋሻ፣ አንዱ ረጅም በትር፣ ሌላው ትልቅ መጥረቢያ፣ አንዷም እንደ እባብ የሚዘረጋ ሰይፍ ይዘው ይገጥማሉ። ጨዋታው በ1999 ለድሪምካስት፣ ሁለተኛው ክፍል በ2003 ለፕሌይስቴሽን 2ና ለሌሎች የቤት መጫወቻዎች ደረሰ፤ ስድስተኛው ክፍል በ2018 ወጣ።

ልጆቹን የሰማሁት በአሰላ ነው። አሰላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የአርሲ ደጋ በስንዴውና በገብሱ፣ በሯጮቹና በፈረሰኞቹ የታወቀ ነው። ለቃላት ሰብሳቢ ደግሞ ሁለት ነገር ያመቻችለታል፤ ሽማግሌዎቹ የጦርና የጋሻን ነገር ገና አልዘነጉም፣ ልጆቹም ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ከአፋን ኦሮሞም ወደ አማርኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይመላለሳሉ። በፕሌይስቴሽን ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው እግር ኳስ ነው፤ የውጊያው ጨዋታ ተራ የሚያገኘው ኳሱ ሲሰለች ነው። ክፍያው በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይነሣል። ተነሥቶ ግን አይሄድም፤ ከኋላ ቆሞ አስተያየት ይሰጣል። ለእኔ ጥናት የጠቀመኝ ይኸው የተሸናፊዎች ጉባኤ ነው።

ለዚህ ዐይነት ጨዋታ በአማርኛ የትኛው ስያሜ ይስማማዋል? «የድብድብ ጌም» ሲባል ይሰማል። «ድብድብ» የወጣው «ደበደበ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ደጋግሞ መምታትን ይናገራል። «ትግል» ተያይዞ መጣጣል ነው። «ውጊያ» ግን ምንጩ «ወጋ» ነው፤ በሾለ ነገር መብሳትን ያመለክታል፤ «ተዋጋ» ማለት በጥሬ ፍቺው «እርስ በርሱ ተወጋ» ማለት ነው። ሁለት ሰዎች በጡጫ ሲጣሉ «ተደባደቡ» እንጂ «ተዋጉ» የማንለው፣ በሬውን ግን ቀንድ ስላለው «ይዋጋል» የምንለው ስለዚህ ነው። አፋን ኦሮሞም በዚህ ረገድ ጎረቤት ነው፤ «ወራኑ» መውጋት ሲሆን «ወራና» ጦርነትም ጦር ሠራዊትም ነው። በአማርኛም «ጦር» የመሣሪያውም የሠራዊቱም ስም ሆኖ ይኖራል። እንግዲያው መሣሪያ ያለበትንና የሌለበትን ጨዋታ ለመለየት አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ «ቴከን» የድብድብ ጨዋታ፣ «ሶልካሊበር» የውጊያ ጨዋታ ቢባል ግሦቹ ራሳቸው ልዩነቱን ይናገራሉ። «የጦር ጨዋታ» የሚለው ሠራዊት ለሚያሰልፈው ወገን ይተው። ዮሺሚትሱ የተባለው ባለ ጎራዴ በሁለቱም ጨዋታዎች ውስጥ ስለሚገኝ ድንበሩ አጥር የሌለው መሆኑን አልክድም።

ወደ ዋናው ቃል እንምጣ። ተጫዋቾች ስለ ውጊያ ጨዋታ ከሚከራከሩበት ሁሉ የሚበልጠው የርቀት ነገር ነው። በባዶ እጅ ድብድብ የሁሉም ክንድ ተቀራራቢ ነው፤ መሣሪያ ሲገባ ግን አንዱ ከሩቅ ይደርሳል፣ ሌላው ለመድረስ መግባት አለበት። ስለዚህ አንደኛው ወገን ረጅም በትር የያዘውን ተዋጊ መምረጥን እንደ ፍርሃት ይቈጥረዋል፤ ባላጋራውን ሳያስጠጋ ጨዋታውን ይጨርሳልና። ሁለተኛው ወገን አጭር መሣሪያ በጠቅላላው ፈጣን መሆኑን ይጠቅሳል፤ አንድ ጊዜ ደረት ለደረት ከተጠጉ በኋላ ረጅሙ በትር ለያዡ ሸክም ይሆንበታል ይላል። በትር ያዡ ኪሊክ ላይ ሌላም ክስ አለበት፤ ቁልፎቹን እንዲሁ በዘፈቀደ የሚቀጠቅጥ ጀማሪ እንኳ በእርሱ ያሸንፋል ይባላል። ይህ ክስ በአሰላ ብቻ የሚሰማ አይደለም፤ ጨዋታው በሚታወቅበት አገር ሁሉ የቈየ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ አዘውትሮ የሚመላለሰው ግሥ «ሰነዘረ» ነው። ልብ ብሎ ላዳመጠው ግሡ በሁለት ነገር ከ«መታ» ይለያል። አንደኛ፣ ውጤቱን አይናገርም። የሰነዘረ ሰው ሊመታ፣ ሊስት ወይም ሊመከትበት ይችላል፤ «ሰነዘረ እንጂ አልመታኝም» ብሎ መከራከር የሚቻለው ስለዚህ ነው። የጨዋታው ሕግ ደግሞ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ሰንዝሮ የሳተ ተዋጊ መሣሪያውን እስኪመልስ ድረስ ለጥቂት ቅጽበት ባዶውን ይቆያል፤ ብልህ ተጫዋችም የሚጠብቀው ያንን ቅጽበት ነው። ሁለተኛ፣ «ሰነዘረ» ልኬት አለበት። «ስንዝር» የተዘረጋ እጅ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ የሚሸፍነው ርዝመት ነው፤ «ሰነዘረ»ም በስንዝር ለካ ማለት ሲሆን ክንድን ወይም ዱላን ለመምታት ዘረጋ ማለትም ነው። መዘርጋትና መለካት በአንድ ግንድ ላይ ተገናኝተዋል። ስለዚህ የአንድ መሣሪያ ምት ምን ያህል እንደሚደርስ የሚነግር ሙያዊ ቃል ሲያስፈልግ «ተደራሽነት» የሚለውን የቢሮ ቃል ከምንጎትት «የስንዘራ ርቀት» ብንል ምቱንም ልኬቱንም በአንድነት እናገኛለን። «ስንዘራ» ለጆሮ ጥቂት እንግዳ ቢሆንም አወጣጡ የተለመደ ነው፤ ከ«መነዘረ» «ምንዘራ» እንደሚወጣ ማለት ነው።

ሦስተኛ ነገር ልጨምር። አስተያየትም ይሰነዘራል። ትችት፣ ወቀሳ፣ ዛቻ፣ ጥያቄ ይሰነዘራል፤ ምስጋና ግን ይቀርባል እንጂ አይሰነዘርም። ቃሉ ከዱላ ወደ ንግግር ሲሻገር የክንዱን መዘርጋት፣ የሚቀበለው ሰውም ሊመክተው የሚችል መሆኑን ይዞ ተሻግሯል። ከኋላ ቆሞ «በትሩ ባይረዝም ኖሮ አታሸንፈኝም ነበር» የሚለው ልጅ በእጁ የሳተውን በአፉ እየሰነዘረ ነው ማለት ይቻላል። በካርዶቻችን ላይ ይህ ሁለተኛው ፍቺ ቀድሞ እየተጻፈ የመጀመሪያው እንደ ታሪክ ማስታወሻ መከተሉ ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ይመስለኛል። ልጆቹ ሁለቱንም በሕይወት ይዘዋቸዋል።

«መከተ» የ«ሰነዘረ» ጓደኛ ነው። «ተከላከለ» ሰፊ ቃል ነው፤ አገርም፣ በሽታም፣ ግብም ላይ ይውላል። «መከተ» ግን በሚሰነዘረው ነገርና በሰውነት መካከል አንድ የተያዘ ነገር መኖሩን ይጠይቃል፤ ጋሻ ወይም ዱላ ወይም ቢያንስ ክንድ። ለዚህ ግሥ ከጉግስ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። በጉግስ አንደኛው ወገን ፈረሱን እየጋለበ ይሸሻል፤ ሌላው ወገን እያሳደደ ዘንግ ይወረውርበታል፤ የሚሸሸው ወደ ኋላው እያየ በጋሻው ይመክታል ወይም በኮርቻው ላይ ተጋድሞ ያሳልፋል። ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራው ጋሻ ለዘንግ ከበቂ በላይ ነው፤ ችሎታው ያለው በጊዜው ማቅናቱ ላይ ነው። ፈረሰኛ የሆኑ የአርሲ ሽማግሌ ይህን ሲያስረዱኝ «ጋሻ»ን እየተዉ «ጋቻና» ይሉ ነበር፤ ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ለመሆናቸው ድምፃቸው ይመሰክራል። ለጦርም «ኤቦ» ይላሉ። ግእዙ ለእነዚህ ሁለት መሣሪያዎች «ወልታ» እና «ኵናት» እያለ አማርኛ ሁለቱንም ትቶ በ«ጋሻ» እና በ«ጦር» መርጋቱን ስያሜ በግእዝ ብቻ ካልተሠራ ለሚሉ ባልደረቦቼ ማስታወስ እወዳለሁ።

በቪዲዮው ጨዋታ ሁለት ዐይነት ምከታ አለ። የመጀመሪያው ቁልፉን ይዞ መቆየት ነው፤ ይህ ተራ «ምከታ» ነው። ሁለተኛው የባላጋራው ምት ሊያርፍ ሲል፣ በትክክለኛው ቅጽበት፣ መሣሪያውን ገፍቶ ማስፈንጠር ነው፤ ከተሳካ ባላጋራው ሚዛኑን ይስታል፣ ተራውም ይገለበጣል። ለዚህኛው «አጸፋ» የሚል አሳብ ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን አጸፋ ከተቀበሉ በኋላ የሚመልሱት ነው፣ ይህ ግን ሳይቀበሉ መመለስ ነው። ኳስ ከግድግዳ ሲመለስ «ነጠረ» እንደሚባለው «አንጥሮ መመከት» ቢባል የተሻለ ይመስለኛል። «አነጠረ» ብቻውን ቢቀመጥ ወደ ቅቤው ድስት ስለሚሄድ ሁለቱ ቃላት ተጣምረው ይቅረቡ።

የምቶቹ አቅጣጫ ብዙ አያከራክርም። ጨዋታው አግድም ምትና የቁልቁል ምት ለየብቻ ቁልፍ ሰጥቷቸዋል፤ አማርኛም ቢሆን አንገትን «ቀላ»፣ ግንድን «ፈለጠ» እያለ ሁለቱን ከጥንት ለይቷቸዋል። የቁልቁሉ ከባድ ነው፣ ነገር ግን ወደ ጎን «ፈቀቅ» ያለን ሰው ያልፈዋል፤ አግድሙ ፈቀቅ ያለውን ያገኘዋል፣ ከፍ ብሎ የተሰነዘረ እንደ ሆነ ግን «ጎንበስ» ያለን ሰው ያልፈዋል። በ2008 በወጣው አራተኛው ክፍል ከሌላ ተረት የመጣው እንግዳ ተዋጊ ዮዳ ያስነሣው ቅሬታ ከዚሁ የመጣ ነው፤ ቁመቱ ከማጠሩ የተነሣ ከፍ ያሉ ምቶች በላዩ ያልፋሉ፤ ይዞ መጣልም አይቻልም። ሳይጎነበስ የጎነበሰ ተዋጊ ነው።

የመሣሪያዎቹን ስም በተመለከተ የተርጓሚዎቻችን ስንፍና ያሳስበኛል። ስለት ያለው ሁሉ «ሰይፍ»፣ እንጨት የሆነው ሁሉ «ዱላ» እየተባለ ይታለፋል። ሰይፍ፣ ጎራዴ፣ ሻምላ፣ ሾተል እያለን ይህን ማድረግ ባለጠጋ ሆኖ መለመን ነው። የሾተል ነገር በተለይ የሚያስገርም ነው። ሾተል እንደ ማጭድ የጎበጠ ሲሆን ጉብጠቱ ለጌጥ አይደለም፤ ጫፉ የባላጋራን ጋሻ ዞሮ ከኋላው እንዲገባ ነው። ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2011 ባወጣው «ዳርክ ሶልስ» ውስጥ በዚሁ ስሙ ይገኛል፤ በዚያም ጋሻን አልፎ የመጉዳት ጠባዩ ተጠብቆለታል። በ2022 በወጣው «ኤልደን ሪንግ» ውስጥም አለ። እነዚህ ጨዋታዎች የአንድ ለአንድ ግጥሚያ ሳይሆኑ የጀብዱ ጉዞ ናቸው፤ ቢሆንም በመላው ዓለም ያሉ ተጫዋቾች ስለ ሾተል ጥሩነትና ደካማነት ሲከራከሩ የአማርኛ ቃል እየተናገሩ ነው። የእኛ ልጅ ቃሉን በላቲን ፊደል ተጽፎ ሲያገኘው የባዕድ ቃል ይመስለዋል። ጥፋቱ የልጁ አይመስለኝም።

በእንጨቱ በኩል ደግሞ ዱላ፣ በትር፣ ዘንግ፣ ሽመል፣ ከዘራ፣ መቋሚያ፣ ጎመድ፣ ልምጭ፣ አርጩሜ አሉ፤ ሁሉም በርዝመት፣ በውፍረት ወይም በሚይዘው ሰው ይለያያሉ። ኪሊክ የሚይዘው በሁለት እጅ የሚሽከረከር ረጅምና ቀጥ ያለ በመሆኑ «በትር» ወይም «ሽመል» ቢባል ይስማማል፤ «ከዘራ» ቢባል ግን ሽማግሌ ሊመስል ነው። በአርሲ ተራው ዱላ «ኡሌ» ነው። ከእርሱ ተለይቶ የሚቆም ሌላ በትር አለ፤ «ሲንቄ» ይባላል። ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን ዘንግ ሲሆን ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በሚጣሉ ወንዶች መካከል ከገቡ ጠቡ መቆም አለበት፤ ሲንቄ የያዘችን ሴት መዳፈር ነውር ነው። ለመዝገበ ቃላት ሠሪ ይህ ከባድ ጉዳይ ነው። «ዱላ፦ ለመምታት ወይም ለመመከት የሚያገለግል እንጨት» ብሎ የሚጀምር ፍቺ በአርሲ ደጋ ላይ ይሰበራል፤ መምታትን የሚያስቆም በትር አለና። በመሣሪያ ስም ዝርዝር ውስጥ «ሲንቄ»ን ያስገባ አንድ ረቂቅ አይቼ እንዲወጣ ጠይቄአለሁ። በመዝገበ ቃላቱ ግን በራሱ ስም፣ በራሱ ፍቺ ይግባ።

የመጫወቻውን ዕቃ የሚመለከቱት ቃላት ሌላ መንገድ ሄደዋል። ጌም፣ ጆይስቲክ፣ ፕሌይስቴሽን እንደ መጡ ገብተዋል፤ ልናስወጣቸው ብንሞክርም አይወጡም። ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት በአንድ የስያሜ ኮሚቴ ውስጥ ሳለሁ ለጆይስቲክ «መዘውረ ጨዋታ» የሚል ስያሜ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። በቃለ ጉባኤ ጸደቀ። በአሰላው ቤት ቃሉን ስናገር ልጆቹ ጎማ ያለው ነገር መሰላቸው፤ አንደኛው የመኪና ውድድር መጫወት የፈለግሁ መስሎት ዲስክ ሊቀይርልኝ ተነሣ። በአንጻሩ «ቅጣት ምት»፣ «የማዕዘን ምት»፣ «ግብ ጠባቂ»፣ «ከጨዋታ ውጭ» የተባሉት የእግር ኳስ ቃላት በየሜዳውና በየሬዲዮው ሥር ሰደዋል። የሰመሩት ጨዋታውን የሚያየው ሰው ቀድሞ ከሚያውቃቸው ቃላት ስለ ተሠሩና በየሳምንቱ ጮክ ብለው ስለ ተነገሩ ነው። የውጊያ ጨዋታ ቃላትም ዕድል ያላቸው በድርጊቱ በኩል እንጂ በዕቃው በኩል አይመስለኝም።

ከሁሉ አስቸጋሪ ሆኖ የቀረብኝ አንድ ፍሬ ነገር አለ። በ«ሶልካሊበር» ጉልበቱ ያልተነካ ተዋጊ እንኳ ከመድረኩ ጠርዝ ተገፍቶ ከወደቀ ያን ዙር ይሸነፋል። በዚህ ሕግ ላይ የተጫዋቾች አስተያየት ለሁለት የተከፈለ ነው። ገሚሱ በችሎታ ሳይሆን በአጋጣሚ የተገኘ ድል ነው እያለ ይነቅፈዋል፤ ገሚሱ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው የራሱ ጥፋት ነው ይላል። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ የውጊያ ጨዋታ የርቀት ጨዋታ ከሆነ ከኋላ ያለውም ርቀት ሊቈጠር ይገባል። ስያሜው ግን አልተገኘም። «ከመድረክ መውጣት» የሚለው ረቂቅ አይሆንም፤ በአማርኛ ሰው «መድረክ ላይ ወጣ» ሲባል መጀመሩ ነውና መውጣቱ መጀመሪያም መጨረሻም ይሆናል። «ከመድረክ መጣል» ይሻላል፣ ነገር ግን ተዋጊው ራሱ ዘልሎ የወደቀ እንደ ሆነ ጣይ የለውም። ልጆቹ በአጭሩ «ገደል ገባ» ይላሉ። መድረኩ በውኃ የተከበበ ሲሆንም «ገደል ገባ» ነው። በዘይቤ ፍቺው «ከንቱ ሆነ» ማለት መሆኑን ነግሬአቸው ነበር፤ ይህም ቢሆን ልክ ነው ብለው መለሱልኝ። ቃሉን በካርዱ ላይ በእርሳስ ጽፌዋለሁ፤ ቀለሙን ኮሚቴው ይወስን።